«የማን ልጅ ነህ?»

ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ ስናጠፋ መጀመሪያ የሚመጣብን ዱላ አልነበረም። ጥያቄ ነበር። «አንተ! የማን ልጅ ነህ?»

እግር የሚከዳው እዚያ ላይ ነው። ጠያቂዋ መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች። ከእናትህ ጋር አንድ ዕድር ናት። ባሏ ከአባትህ ጋር ዕቁብ ይጥላል። ልጇ አንተ ክፍል፣ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ኳስህ የማንን መስኮት እንደሰበረ ወሬው ካንተ ቀድሞ ቤት ይገባል። ማታ አባትህ ጫማውን ሳያወልቅ ይጠራሃል። እሑድ ደግሞ የነፍስ አባታችሁ ጎራ ሲሉ ነገሩን ሰምተው ነው የሚገቡት።

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በቀደም ምሽት ደረጃው ላይ አራት ልጆች አንዱን ትንሽ ልጅ ከበው «ስልክህን አምጣ» እያሉ ሲያዋክቡት ደረስኩ። ተቆጣሁ፣ ተበተኑ። ያቺ ጥያቄ ግን አፌ ላይ መጥታ ዋጥኳት። ትልቁን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ምን ይለኛል? «ብሎክ 14፣ አራተኛ ፎቅ»። እናቱን አላውቃትም። እሷም አታውቀኝም። ሄጄ ባንኳኳና «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ብትለኝ እውነቷን ነው።

ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ውስጧ ግን ቤተሰብ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ እምነት አለ፣ ጎረቤት አለ። የምትሠራውም እነዚህ ሁሉ እርስ በርስ ሲተዋወቁ ብቻ ነው። ዛሬ በየመድረኩ ስለ እሴት መሸርሸር ይወራል። ቤተሰብ ፈረሰ፣ ትምህርት ወደቀ፣ ሃይማኖት ቀዘቀዘ ይባላል። እኔ እንደዚያ አይመስለኝም። ቤተሰቡ አለ። ትምህርት ቤቱ ከመቼውም በላይ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በበዓል ቀን መቆሚያ የለውም። የላላው ማጠፊያቸው ነው። በሩ ደኅና ነው፣ ጉበኑም ደኅና ነው፤ ማጠፊያው ሲላላ ግን በሩ ይንጋደዳል።

ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው የኅብረተሰብ ትምህርት እያንዳንዱን ተቋም በየሣጥኑ ያስቀምጠዋል። ቤተሰብ ይወልዳል፣ ያሳድጋል። ትምህርት ቤት ዕውቀት ይሰጣል። ሃይማኖት ግብረ ገብ ያስተምራል። ለፈተና ይሆናል። ኑሮው ግን እንዲህ አልነበረም። ክርስትና አባትን የትኛው ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለህ? ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ አቅፎ የቆመው ሰው ከዚያ በፊት ባዳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዘመድ ነው፤ እንደ ሥጋ ዘመድ ጋብቻ እስከመከልከል ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ ሠራች ማለት ነው። ቁርዓን የሚያቀሩት ሼህስ? ቀን መምህር ናቸው፣ ማታ አስታራቂ፣ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ኒካሕ አሳሪ። በየኔታ እጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ይደግሱለት ነበር። ያ ድግስ የቤተሰብ ነው? የትምህርት ነው? የሃይማኖት ነው?

ዘመናዊው ትምህርት እንኳ በሃይማኖት በር ነው የገባው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ ነው። ኮፕቶች ነበሩ። ካህናቱ ፈረንጅ መምህር መጥቶ የልጆቹን እምነት ያስለውጣል ብለው ፈርተው ነበር። የኮፕት መምህር ግን በእምነት ወንድም ነው። ንጉሡ ማጠፊያው የት እንዳለ ያውቁ ነበር።

ከተማ ውስጥ የዚህ ሁሉ ዋናው ማጠፊያ ዕድር ነው። ዕድርን የቀብር ማኅበር ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ደንቡም እንዲያ ይላል። እኔ ሳየው የዕድር ትልቁ ሥራ በሕይወት ያሉትን ማስተዋወቅ ነው። በወር አንድ እሑድ ጠዋት ሰው ይሰበሰባል። መዋጮ ይከፈላል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ቀብር ላይም ስም ይጠራል። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሰፈሩን ይዞራል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ እንጀራ በየቤታቸው ጋግረው ያመጣሉ። ለቅሶ ቤቱ ለሦስት ቀን እሳት አያነድም። ባለ መኪናውና ዘበኛው አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ዶክተሩም ቢሆን በተራው ድንኳን ካልተከለ ቅጣቱን ይከፍላል። እንዲያውም የተማረ ሰው ሲቀጣ ዳኛው ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ለልጅ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። የድንኳኑን ገመድ የምንይዘው እኛ ነበርን። ለቅሶ ቤት ድምፅ እንዴት እንደሚቀነስ እዚያ ተማርን። አዛውንት ሲገባ እንዴት ብድግ እንደሚባል እዚያ አየን። ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤት ሥጋው ለብቻ በሙስሊም እጅ እንደሚታረድ ማንም ክላስ ገብቶ አልነገረንም። ሙስሊሙ ጎረቤት ክርስቲያን ሲሞት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸኝቶ ውጭ ቆሞ እንደሚጠብቅም እንዲሁ። ማንም ሰው ይህን «መቻቻል» ብሎ አይጠራውም ነበር። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ አለቀ።

ዕድርን ጥንታዊ አድርገን እናስበዋለን። ባሁኑ መልኩ፣ በመዝገብና በደንብ፣ የከተማ ልጅ ነው። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ዘመዱን ትቶ ስለመጣ ራሱ ዘመድ ሠራ። እንደ ጊዜውም ይለዋወጣል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ የብዙ ዕድሮች ካዝና በቀብር ተራቆተ። ያን ጊዜ «ሰው ከሞተ በኋላ ከምንከፍል ሳይሞት እንርዳው» ያሉ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችንም ዕድር አላቸው፤ መዋጮው አስከሬን አገር ቤት መላኪያ ጭምር ነው። ዶላር ይሁን እንጂ ያው ዕድር ነው።

ታዲያ የድሮ ሰፈራችን ለምን ያን ያህል ተሳሰረ? ደጎች ስለነበርን ነው የሚለው መልስ ደስ ይላል። እኔ ግን የመልሱ ግማሽ አዋጅ ውስጥ ነው ያለው ባይ ነኝ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የቀበሌ ቤት የሚባል ነገር መጣ። ኪራዩ ከሻይ ቤት ሂሳብ ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ ነበር። ያንን ቤት የያዘ ሰው ለቆ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም። ቢፈልግም የሚሄድበት ቤት የለም። ስለዚህ ሁሉም ባለበት ረጋ። ሦስት አሥርት ዓመት ያው ጎረቤት፣ ያው ቦኖ፣ ያው የጋራ ሽንት ቤት። ብትዋደዱም ባትዋደዱም መተዋወቅ ግዴታ ነው።

ይህን የምለው የማንንም ትዝታ ለማርከስ አይደለም። ትዝታው የኔም ነው። ግን ትስስሩ ቦታ ላይ ከመርጋት የመጣ ከሆነ፣ ሰው ሲነቀል በስብከት ብቻ አይመለስም። «እሴታችንን እንጠብቅ» የሚለው ባነር ከድንኳን ገመድ ጋር አይወዳደርም።

ደግሞም ያ ማጠፊያ ጣት ይቆነጥጥ ነበር። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሽማግሌ ይገባላታል፤ «ቻይው ልጄ» ተብላ ትመለሳለች። ሁሉም የሚያውቃት ስለሆነ የምትደበቅበት የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር የሰጠው። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ። ፍቺ የመወሰን ሥልጣኑንም ከሽማግሌ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። ለብዙ ሴት መዳኛ የሆነ ለውጥ ነው፤ የድሮውን የሚናፍቅ ሰው ይህችን ሊዘላት አይገባም።

ግን ሸክሙ አልጠፋም። ቤት ቀየረ። የቤተሰብ ችሎት ኮሪደር ላይ አንድ ጠዋት የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ሦስት ሽማግሌ ቡና ላይ ይጨርሱት የነበረ የዕቃ ክፍፍል በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይንከባለላል። አንዱ ተቋም ያወረደውን ሌላው ይሸከማል። የሚሸከመው ግን ባለጉዳዮቹን ሳያውቃቸው ነው።

ትምህርት ቤት ላይ ይኸው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ጀመረ። ዩኒፎርምና ደብተርም አብሮ መጣ። ምግቡን የሚያበስሉት ሴቶች «መጋቢ እናቶች» ይባላሉ። ስሙን እዩት። ሠራተኛ አላልናቸውም፣ ኩክ አላልናቸውም። እናት የሚለውን ቃል ከቤት አውጥተን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አስገባነው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ሰሌዳ አይታየውም። ቁርስ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር ግን ከቁርሱ ጋር የነበረው ወሬ አብሮ አይዛወርም። «ትናንት መምህሩ ምን አሉህ?» የሚል ሰው ወጥ ጨላፊዋ ልትሆን አትችልም፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

በእኛ ጊዜ ከዱላ የከፋው የትምህርት ቤት ቅጣት «ወላጅ አምጣ» ነበር። በአንዲት ሐረግ ትምህርት ቤቱና ቤቱ ይገናኛሉ። ጮሌው ልጅ ለአንድ ወያላ ጥቂት ብር ሰጥቶ «አጎቱ ነኝ» የሚል ዘመድ ተከራይቶ ይመጣል። ዘዴው የሚከሽፈው ዩኒት ሊደሩ የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ነው። «አንተ፣ አባትህን ትናንት ለቅሶ ቤት አግኝቼው የለም እንዴ?» ይላል። ወያላው በጓሮ ይወጣል።

ዛሬ በብዙ ቤት ወላጅ ሪያድ ነው፣ ወይም ቤሩት፣ ወይም ዱባይ። እናት ሰው ቤት እየሠራች የትምህርት ቤት ክፍያ ትልካለች፤ ልጁን አያቱ ያሳድጉታል። መምህር የሆነ ጓደኛዬ አንድ ተማሪን «ወላጅ አምጣ» ቢለው ልጁ ስልኩን አወጣና በኢሞ እናቱን ደወለላት። መምህሩ የልጁን ጥፋት መዘርዘር ሲጀምር ከወዲያ በዐረብኛ ጥሪ ተሰማ። «ይቅርታ ቲቸር፣ ማዳም እየጠራችኝ ነው» አለችና ዘጋች። ጓደኛዬ መልሶ አልደወለም። «ምን ብዬ?» አለኝ። ያቺ ሴት ከማንም የበለጠ ለልጇ የምትለፋ እናት ናት። ቤተሰቡ አልፈረሰም። ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ነው የተቆረጠው።

ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ትንሽ ልቆይ። የ2014ቱ ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። አገሩ ሁሉ «ትምህርት ወደቀ» አለ። ትምህርቱ ግን በ2014 አይደለም የወደቀው። ዓመቱን ልዩ ያደረገው ፈተናው ከሰፈር መውጣቱ ነው።

ሰፈር ውስጥ በነበረበት ጊዜ በብዙ ቦታ ምን ይሆን እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ወላጁ ይለምናል። ፈታኙ ያዝናል፣ ደግሞም ነገ እዚያው ነው የሚኖረው። የወረዳው ሹም «የኛ ልጆች ከማን ያንሳሉ?» ይላል። ጎበዙ ልጅ ወረቀቱን ገለጥ ያደርጋል፤ ካላደረገ ስስታም ይባላል። ይህ ሁሉ ምንድን ነው? መረዳዳት ነው። ዕድር ላይ የምናደንቀው ያው መረዳዳት። ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር በጣም ተዋውቀው አንድ ላይ ሲያጠፉ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ ማጠፊያው ይጥበቅ ስል ምን እየጠየቅኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ትውውቅ ልጅን ይገራል፤ ልጅንም ያስኮርጃል። ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማውጣቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ፈተናውን ከሰፈር ማውጣት ይቻላል፤ ልጁን ከሰፈር አውጥቶ ማሳደግ አይቻልም።

ወደ ሃይማኖቱ ልምጣ። የ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱን 50.6፣ ሙስሊሙን 32.8፣ ፕሮቴስታንቱን 10.2 በመቶ አድርጎ ነበር። በ1999ኙ ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 በመቶ ሆነ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እንደየአካባቢውም ይለያል። ከተማ ውስጥ ግን አንዱን ምክንያት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮንዶሚኒየም የገባን ሳምንት በራችንን መጀመሪያ ያንኳኩት የሆም ሴል (የፕሮቴስታንቶች የቤት ለቤት ጸሎት ኅብረት) ሰዎች ናቸው። አንድ ሳሎን ውስጥ አሥር ሰው ተሰብስቦ ይዘምራል። የታመመ ይጠይቃል። ሥራ ላጣ ሲቪ ይቀባበላል። የቀረ ሰው ይደወልለታል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አልሄድኩም። ግን «ይሄ እኮ ዕድር ነው» ብዬ አሰብኩ።

መስጊዱም የራሱ ስም መጥሪያ አለው። ፈጅር ላይ ሁልጊዜ አጠገብህ የሚሰግድ ሰው ሦስት ቀን ከጠፋ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰበሰብ ጀመዓ ከዕድርም ይበልጣል።

በእኛ ወገን ያለውን ስናይ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ አዳሩም፣ ጉባኤውም ሞልቷል። የነፍስ አባቱ ግን የነፍስ ልጅ በዝቶበታል። የእናቴ የነፍስ አባት ድሮ ሰፈር እያሉ የእያንዳንዱን ቤት ጸብ ያውቁ ነበር። አሁን አዲሶቹን የነፍስ ልጆቻቸውን ስልካቸው ላይ በብሎክ ቁጥር ነው የመዘገቧቸው። «ብሎክ 9 ወለተ ማርያም፣ ብሎክ 22 ወለተ ማርያም» ብለው ሲያነቡልን ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ብዙም ደስ ያላቸው ግን አይመስለኝም። ክፍተቱን ዩቲዩብና ቲክቶክ ሞልተውታል። እኔም የምከታተላቸው ሰባክያን አሉ። ግሩም ያስተምራሉ። ግን አያውቁኝም። ትምህርቱ ሲከብደኝ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ አልፋለሁ። የነፍስ አባቴን እንዲህ አድርጌ አላልፋቸውም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሆነው። በአንድ ጊዜ ሲሆንስ? የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ አለ። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ ወደ 8 ሺህ ሰው በሱዳን በኩል እስራኤል ገባ። በግንቦት 1983 በሰለሞን ዘመቻ ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ተጓጓዘ። ጎንደር ገጠር ውስጥ ቄሱ፣ ሽማግሌውና አባወራው አንድ መንደር ነበሩ። ሰንበት ሲከበር፣ ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ልጅ ሲያጠፋ ጉዳዩ ከእነዚህ ሰዎች አይወጣም።

እስራኤል ሲደርሱ የጎደለ ተቋም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ከጎንደሩ እጅግ የተሻለ ነበር። ቤተሰቡም አብሮ መጥቷል። ሃይማኖቱ ደግሞ የአገሩ ሃይማኖት ነው፤ ሲመኙት የኖሩት። ግን አንዱ ሌላውን አላወቀውም። የእስራኤል ረቢዎች (የአይሁድ ሃይማኖት አባቶች) መንግሥታዊ ተቋም የቤተ እስራኤል ቄሶችን ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን አልተቀበለም። ይባስ ብሎ አይሁድነታቸውን ለማረጋገጥ ውኃ ውስጥ ግቡ አላቸው። በ1978 መግቢያ ላይ ኢየሩሳሌም ውስጥ በተቋሙ ደጅ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቤት የቀሩት ልጆችም ዕብራይስጡን ከወላጆቻቸው ቀድመው ቻሉ። አባት ቢሮ ሲሄድ ልጁ ያስተረጉምለታል። ጸሐፊዋ የምታየው ልጁን ነው። ማታ ያ አባት «ለምን አመሸህ?» ብሎ ለመቆጣት ምን ፊት ይቀረዋል? ትምህርት ቤቱ ልጁን ሲቀርጽ አባቱን ሳያውቀው ነው የቀረጸው። ሲግድ የተባለው በዓላቸው በ2000 ዓ.ም. የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሲታወጅ ብዙ ሽማግሌ ያለቀሰው ለበዓሉ ብቻ አይመስለኝም። ቄሶቹ ጃንጥላ ተይዞላቸው ልጆቻቸው ፊት ሲቆሙ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከተጀመረ ሁለት አሥርት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ወይም ሞልቶታል። ዕጣ ጎረቤት አይጠይቅም። አንዷ ጀሞ ወጣላት፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ። አንድ ቦኖ የቀዱ ሰዎች በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበተኑ። ከ2016 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጣ። መጀመሪያ ፒያሳ ተነሳ። በ2017 ካዛንቺስ። ሰው ወደ ገላን ጉራ፣ ወደ አራብሳና ወደ ሌላም ተዛወረ። መንገዱ አምሯል፤ አላማረም የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፣ እኔ ግን በእግሬ እሄድበታለሁ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ሽንት ቤት ያላት አሮጊትም አውቃለሁ። ያቺው አሮጊት ግን «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ትላለች። ቤት ሲፈርስ ካሬው ይለካል፣ ካሣው ይሰላል። ዕድር በካሬ አይለካም። መዝገቡና ድንኳኑ የማን እንደሆነ፣ ሰዉ ሲበተን ካዝናው ለማን እንደሚሆን የሚጠይቅ ቅጽ አልገጠመኝም።

የሚገርመው፣ የኮንዶሚኒየሙን ፕላን ያወጣው ሰው ይህን አስቦት ነበር። በየግቢው የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ። የሚታረድበት፣ የሚታጠብበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚሆን ተብሎ ነው የተሠራው። የእኛ ግቢ ውስጥ ያለው አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ተከራይቷል። ኪራዩ ለአሳንሰር ሳይሆን ለውኃ ፓምፕ ጥገና ነው ይላሉ፤ አሳንሰር የለንም።

አምና በብሎካችን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አባት አረፉ። ከእኛ ግማሾቻችን የሰማነው ሬሳው ሊወጣ ሲል ነው። የድሮ ዕድራቸው ድንኳን ጭኖ ከመሀል ከተማ እስኪመጣ ትራፊኩ ይዞት እኩለ ቀን አለፈ። ለቀስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ። እኛ በረንዳ ላይ ሆነን አየን። ምን እንደምናደርግ የማናውቅ ሰዎች ሆነን አየን። ማታ አንዲት ሴት በየበሩ ዞረች። «ነውር ነው» አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

በሁለተኛው ሳምንት የብሎክ ዕድር ተመሠረተ፤ መጀመሪያ በቴሌግራም። ዳኛ ተመረጠ። ጥሩንባ ነፊ የለንም፣ ግሩፑ ላይ ድምፅ ይላካል። የመጀመሪያው ስብሰባ ሁለት ሰዓት የፈጀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለቅሶ ላይ መገኘት እንዴት ይቆጠር? አንድ ወጣት «ግሩፑ ላይ አይቶ ካጽናና ይበቃል» አለ። ዳኛው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ስቲከር መላክ ለቅሶ መድረስ አይሆንም» የሚለው አንቀጽ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስም እንደ ጥንቱ ይጠራል። መዝገቡ ላይ ጸሐፊው የቤት ቁጥር ሊያስገባ ሲጀምር አንዲት እናት «ስማችንን ጻፍ እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። አሁን ሁለቱም አለ።

እናቴ ተመዘገበች፣ መዋጮውንም ከፈለች። የድሮውን ግን አላቋረጠችም። በወር አንዴ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች፣ ግማሹ ሰው በሌለበት ስብሰባ ላይ ስሟን አስጠርታ ትመለሳለች። «አንዱ አይበቃሽም?» ብላት፣ «እነዚህኞቹ ሲቀብሩ ገና አላየኋቸውም» አለችኝ።